ፈቃዱ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው፦ የናቹሮፓቲክ ሐኪሞች መንገድ በአሜሪካ፣ ከ1901 እስከ ዛሬ

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ዋሽንግተን ዲሲ የሚሠራ፣ ቅዳሜ ደግሞ ዘመድ ለመጠየቅ አሌክሳንድሪያ የሚሻገር ኢትዮጵያዊ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሦስት የሕክምና ሕጎች ሥር ይውላል። ሜሪላንድ ውስጥ በሩ ላይ «ናቹሮፓቲክ ዶክተር» (በተፈጥሮ ዘዴ የሚያክም ባለሙያ) ብሎ የለጠፈ ሰው በስቴቱ የሐኪሞች ቦርድ ሥር ፈቃድ ያወጣ መሆን አለበት። ዲሲም ለዚህ ሙያ ፈቃድ ትሰጣለች። የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲደርስ ግን ለአዲስ ባለሙያ የሚሰጥ ፈቃድ የለም። ያው ሰው፣ ያንኑ ዲግሪ ይዞ ወንዙን ሲሻገር ሐኪምነቱ ማዶ ይቀራል።

ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ማወቅ ለእኛ ሰው ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ታካሚዎች ነን። ስኳርና ደም ግፊት የያዛቸው፣ ክኒን የሰለቻቸው ብዙ ወገኖቻችን ስለሚበሉት፣ ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ኑሯቸው ጊዜ ወስዶ የሚጠይቃቸው ባለሙያ ይፈልጋሉ። ቅጠልና ሥር መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ለማመንም ሰባኪ አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛ፣ ልጆቻችን ሙያ እየመረጡ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤት በር የጠበበባቸው ወጣቶች፣ አገር ቤት ሐኪም ሆነው እዚህ የመጡና የአሜሪካን የሐኪሞች ፈተናና የሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ የሚደረግ የሆስፒታል ሥልጠና) ውድድር አልፈው መግባት ያቃታቸው ባለሙያዎችም ይህን መንገድ ያዩታል።

እኔ የማምነውን ከወዲሁ ልናገር፦ ፈቃድ መኖሩ ከመቅረቱ ይሻላል። ነገር ግን ባለፉት መቶ ዓመታት ሕግ አውጪዎች ደጋግመው የመለሱት «ይህ ሰው ምን ተምሯል?» የሚለውን ጥያቄ ነው። «የሚሰጠው ሕክምና ያድናል ወይ?» የሚለው በየዘመኑ ለቀጣዩ ዘመን ሲተላለፍ ኖሯል። ታሪኩን በዚህ ዓይን ማየት እፈልጋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእስር የተጀመረ ሙያ

ቤኔዲክት ለስት ጀርመናዊ ነበር። በ1892 አሜሪካ መጣ፤ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው፤ ወደ አገሩ ተመለሰ። እዚያም በውሃ ሕክምናቸው ዝናቸው አውሮፓን ያዳረሰው ካህን ሴባስቲያን ክናይፕ አከሙት። ድኖ በ1896 ኒው ዮርክ ሲመለስ የክናይፕን ዘዴ ለማስፋፋት ቆርጦ ነበር። «ናቹሮፓቲ» የሚለውን ስም የመጠቀም መብት ጆን ሺል ከተባለ ባለሙያ ገዛ፤ በ1901 ኒው ዮርክ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በኒው ጀርሲ በትለር ከተማም ሰዎች በውሃ፣ በፀሐይ፣ በአመጋገብና በእግር ጉዞ የሚታከሙበት ማረፊያ አቋቋመ። ፖሊስ ያለ ፈቃድ አክመሃል እያለ ደጋግሞ ያዘው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ናቹሮፓቶች ፈቃድ ማለት ከምንም በፊት ከእስር የሚያድን ወረቀት ነበር።

ጊዜው የሕክምና ትምህርት በራሱ የሚታመስበት ነበር። በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር በካርኔጊ ተቋም ስም ያወጣው ጥናት በመላ አሜሪካና ካናዳ ያሉትን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጉድ ገለጠ፤ ቤተ ሙከራ የሌላቸው፣ ክፍያ ከተቀበሉ ማንንም የሚያስመርቁ ብዙዎቹ ተዘጉ። የደረጃው መጠበቅ ለሕዝብ ጤና የዋለው ውለታ ትልቅ ነው። ዋጋም አስከፍሏል፤ ከጥቁሮቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ውስጥ የዘለቁት ዲሲ ያለው ሃዋርድና ናሽቪል ያለው ሜሃሪ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከዋናው የሕክምና መንገድ ውጭ የቆመ ሁሉ የራሱን ሕግ መፈለግ ነበረበት።

ሕጎቹም መጡ። የዋሽንግተን ስቴት በ1919 «ያለ መድኃኒት ለሚፈውሱ» ሰዎች ፈቃድ ደነገገ። ሃዋይ በ1925፣ ኦሪገንና ፍሎሪዳ በ1927፣ አሪዞና በ1935 ተከተሉ። ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ በ1925፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1936 ሕግ አወጡ። የዚያ ዘመን ውል ግልጽ ነበር፦ መድኃኒት አታዙ፣ ምላጭ አታንሡ፣ እኛም አንነካችሁም። ይህን ውል አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ሙያው ዛሬ ከዚያ ውል ምን ያህል እንደራቀ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1925 ዊስኮንሲንና ኮነቲከት ሌላ ነገር ጀመሩ። ማንኛውም የፈውስ ባለሙያ ወደየራሱ ቦርድ ከመሄዱ በፊት የአካል አወቃቀር፣ የፊዚዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የመሳሰሉትን መሠረታዊ ሳይንሶች ፈተና እንዲያልፍ አዘዙ። ሐሳቡ ወደ ሌሎች ስቴቶች ተዛመተ። ካይሮፕራክተሮችና ናቹሮፓቶች እኛን ለማጥፋት የተገነባ ግንብ ነው ብለው ጮኹ። በእርግጥም ብዙዎቹ ይወድቁ ነበር። ለእኔ ግን የሚያሳስበው ፈተናው አልነበረም፤ ያን ያህል ሰው አናቶሚ ሳያውቅ ሰው ያክም የነበረ መሆኑ ነው።

ፈቃድ ሲሰረዝ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙያው የወደቀበት ምክንያት አንድ አይደለም። ሰልፋና ፔኒሲሊን የሳንባ ምችንና የደም መመረዝን በቀናት ውስጥ ሲያሸንፉ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በጾም እንፈውሳለን የሚል ሰው ጆሮ አጣ። የሐኪሞች ማኅበራት በየምክር ቤቱ ጉልበታቸው በረታ። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከውስጥ የመጣ ነው፦ ዲፕሎማ በገንዘብ የሚሸጡ ትምህርት ቤቶች በዙ፤ በየስቴቱ ቦርድ ላይ የተቀመጡትም ባለሙያዎች ይህን ከማጥራት ይልቅ አለባበሱት።

ቴነሲ በ1947 ሕጓን ሻረች፤ ከመሻርም አልፋ ሙያውን በወንጀል የሚያስጠይቅ አደረገችው። ሳውዝ ካሮላይና በ1956 አገደችው። በ1957 የቴክሳስ ፍርድ ቤት የስቴቱን የናቹሮፓቲ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ጣለው። ፍሎሪዳ በ1959 ለአዲስ ሰው ፈቃድ መስጠት አቆመች፤ በእጃቸው የያዙት ብቻ እስኪያልቁ እንዲሠሩ ተተዉ። ቴነሲና ሳውዝ ካሮላይና እስካሁንም በራቸው ዝግ ነው። በ1968 ደግሞ የፌዴራሉ የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሙያው በሳይንስ ተቀባይነት ባገኘ ዕውቀት ላይ እንዳልቆመ፣ ትምህርቱም በሽታን በትክክል ለመለየት እንደማያበቃ ገልጾ ሜዲኬር እንዳይከፍልለት መከረ። ሜዲኬር ዛሬም አይከፍልም።

እነዚህን ዓመታት የሙያው ሰዎች የስደት ዘመን አድርገው ይተርኩታል። የሐኪሞች ማኅበራት ገበያቸውንም ይጠብቁ እንደነበር አልክድም። ሆኖም የሕዝብ እምነት የተሸረሸረው ቦርዱ የራሱን ሰው መመርመር ሲያቅተው መሆኑን የሚሸሽግ ታሪክ ጎዶሎ ነው።

ፖርትላንድ፣ ሲያትል፣ ቶሮንቶ

ሙያው ጨርሶ እንዳይጠፋ ያደረገችው በ1956 ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ውስጥ የተመሠረተች ትንሽ ኮሌጅ ነች። የካይሮፕራክቲክ ኮሌጆች የናቹሮፓቲ ዲግሪ መስጠታቸውን ሲተዉ ጥቂት ባለሙያዎች ከየኪሳቸው አዋጥተው አቋቋሟት። ለሃያ ዓመታት ያህል በሰሜን አሜሪካ ብቸኛዋ ሆና በጣት በሚቆጠሩ ተማሪዎች ዘለቀች።

መታጠፊያው 1978 ነው። በዚያ ዓመት ሲያትል ውስጥ እነ ጆሴፍ ፒዞርኖ በመምህራቸው በጆን ባስቲር ስም ኮሌጅ ከፈቱ፤ ቶሮንቶም የራሷን ኮሌጅ አገኘች፤ ለትምህርት ቤቶቹ ዕውቅና የሚሰጠው ምክር ቤትም ተቋቋመ። በ1986 «ኤንፕሌክስ» የተባለው የጋራ ፈተና ተጀመረ። በ1987 የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ለዕውቅና ሰጪው ምክር ቤት ራሱ ዕውቅና ሰጠው፤ በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ስቴት የ1919ኙን አሮጌ ሕግ ለናቹሮፓቶች በአዲስ ተካችው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የኤንፕሌክስ የመጀመሪያ ክፍል የሚፈትነው አናቶሚን፣ ፊዚዮሎጂን፣ ባዮኬሚስትሪን፣ ስለ ተሐዋስያንና ስለ በሽታ ምንነት የሚያጠኑትን ሳይንሶች ነው። በ1925 እንደ ግንብ የተጠላውን ፈተና ሙያው ከስድሳ ዓመት በኋላ ራሱ አዘጋጅቶ በራሱ በር ላይ አቆመው። በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ የማከብረው እርምጃ የለም። የዛሬው ፈቃድ ክብደት ካለው ከዚህ የመጣ ነው።

ቀጥሎ ገንዘቡ መጣ። ከጥር 1996 ጀምሮ በዋሽንግተን ስቴት የጤና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ፈቃድ ያላቸውን ባለሙያዎች በሙያ ዓይነት ለይተው እንዳያገሉ ሕግ አስገደዳቸው፤ ናቹሮፓቶችም በዚህ ገቡ። በዚያው ዓመት ከሲያትል በስተደቡብ ባለችው በኬንት ከተማ የኪንግ ካውንቲ መንግሥት የደገፈው የተፈጥሮ ሕክምና ክሊኒክ ተከፈተ፤ ናቹሮፓቶችና የዘመናዊ ሕክምና ሐኪሞች በአንድ ጣሪያ ሥር ታካሚ ያዩ ጀመር። ከሲያትል እስከ ኬንት ያለው አካባቢ የብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መኖሪያ ነው። ናቹሮፓትን በኢንሹራንስ ካርዳቸው ማየት ለእነሱ የቆየ ነገር ነው፤ አትላንታ ወይም ዳላስ ለሚኖረው ዘመዳቸው ግን እንግዳ ነው።

የምክር ቤት ጉዞ፣ ስቴት በስቴት

ከ1990ዎቹ ወዲህ ያለው የሕጎች ሰልፍ ረጅም ነው፤ ሁሉንም መዘርዘር አንባቢን ማድከም ይሆናል። ሞንታና በ1991፣ ኒው ሃምፕሸር በ1994፣ ካንሳስ በ2002፣ ካሊፎርኒያ በ2003፣ ኮሎራዶ በ2013፣ ሜሪላንድ በ2014፣ ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድ በ2017፣ ኒው ሜክሲኮና አይዳሆ በ2019፣ ዊስኮንሲን በ2022። በዊስኮንሲን የስቴቶቹ ቁጥር 23 ደረሰ፤ ዲሲ ሲጨመር 24 ይሆናል። የቀረው የአሜሪካ ግማሽ ገና በውጭ ነው።

ቁጥሩ ግን ያሳስታል፤ በአንድ ስም የሚጠሩት እነዚህ ፈቃዶች አንድ አይደሉምና። ኦሪገንና ዋሽንግተን ባለሙያው ብዙ መድኃኒቶችን እንዲያዝ፣ ቀላል ቀዶ ሕክምናም እንዲሠራ ይፈቅዳሉ። ካሊፎርኒያ በ2003ቱ ሕጓ አብዛኛውን መድኃኒት የሚያዘው በሐኪም ቁጥጥር ሥር ሆኖ ነው አለች። ሜሪላንድ ስትጀምር መድኃኒት ማዘዝን ከለከለች፤ ባለሙያው ከአንድ ሐኪም ጋር ለመመካከር መስማማቱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥም ጠየቀች። ፔንሲልቬንያ ደግሞ በ2016 ያወጣችው ሕግ ስሙን ብቻ የሚጠብቅ ነው፦ ያልተመዘገበ ሰው «ናቹሮፓቲክ ዶክተር» ብሎ ራሱን መጥራት አይችልም፤ የሥራ ወሰን ግን አልጨመረችለትም።

ሚኒሶታ ለብቻዋ መታየት አለባት። በ2000 ያወጣችው ሕግ ፈቃድ የሌላቸው የባህልና የአማራጭ ሕክምና ሰጪዎች ለደንበኛቸው ማንነታቸውንና ሥልጠናቸውን በግልጽ እስከነገሩ ድረስ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። በ2008 ደግሞ አራት ዓመት የተማሩትን ናቹሮፓቲክ ዶክተሮች ለብቻ የምትመዘግብበት ሕግ አወጣች። ስለዚህ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ሁለቱም ዕፅ ይሰጣሉ፤ ፈተና ተፈትኖ በስቴቱ የተመዘገበው ግን አንዱ ነው። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ነው ዓይኑን መክፈት ያለበት። «ናቹሮፓት» የሚለውን ስም በብዙ ስቴቶች ማንም ሊለጥፈው ይችላል፤ በተልእኮ ትምህርት ወረቀት ያገኘም ጭምር። አላባማ፣ በርሚንግሃም የነበረው ክሌይተን ኮሌጅ በዚህ መንገድ ሲያስተምር ቆይቶ በ2010 ተዘጋ፤ ዲፕሎማው በየትኛውም ስቴት ለፈቃድ አያበቃም ነበር። ፈቃድ እንዳይወጣ በየምክር ቤቱ ከሚሟገቱት መካከል ከሐኪሞች ማኅበራት ጎን ለጎን እነዚህ በተልእኮ የተማሩ ናቹሮፓቶች መኖራቸው ብዙ ሰው የማያውቀው እውነት ነው፤ ሕጉ ቢወጣ እነሱ ከሥራ ይወጣሉ።

ዛሬ ፈቃድ ለማውጣት

መንገዱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከነባዮሎጂና ኬሚስትሪ ኮርሶቹ። ከዚያ ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት አራት ዓመት፤ ቢያንስ 4,100 ሰዓት ትምህርት፣ ከዚህ ውስጥ 1,200 ሰዓት በክሊኒክ። የኤንፕሌክስ የመጀመሪያ ክፍል የሳይንስ ኮርሶቹ ሲያልቁ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው፣ ስለ ምርመራና ሕክምና የሚጠይቀው፣ ከምረቃ በኋላ። በመጨረሻ የሚሠሩበት ስቴት የራሱን ማመልከቻ፣ የወንጀል ነጻ ማጣሪያና በአንዳንድ ቦታ የስቴቱን ሕግ የሚመለከት ፈተና ይጨምራል። በየጊዜው ተከታታይ ሥልጠና ወስዶ ማደስም አለ።

አገር ቤት ሐኪም የነበረ ሰው በዚህ መንገድ አቋራጭ አያገኝም። ትምህርት ቤቱ ጥቂት ኮርሶች ሊይዝለት ይችላል፤ ኤንፕሌክስ ለመፈተን ግን ዕውቅና ባለው የናቹሮፓቲ ትምህርት ቤት ውስጥ ማለፍ ግዴታ ነው። በማጠቃለያውም የሚያገኘው ፈቃድ ወደ ዘመናዊው ሕክምና ሬዚደንሲ አያስገባም። የሚያውቁት ሰው በዚህ ተስፋ ሊመዘገብ ከሆነ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ይንገሩት።

ፈቃዱ የማይመሰክረው

በ2017 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት የ30 ዓመት ወጣት ፈቃድ ባለው ናቹሮፓት ክሊኒክ ከእርድ የተዘጋጀ መድኃኒት በደም ሥሯ ተሰጥቷት ሕይወቷ አለፈ። እርድ! በየወጥ ቤታችን ያለው። የፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ሲመረምር ውሁዱ ብርቱ አለርጂ ሊቀሰቅስ የሚችል፣ ከጉሎ ዘይት የሚሠራ ማሟሚያ ይዞ፣ ውስጡም መርዛማ ቅሪት ኖሮበት ተገኘ፤ የእርዱ ንጥረ ነገር ደግሞ መለያው ላይ ከተጻፈው ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነበር። በ2021 እዚያው ካሊፎርኒያ አንዲት ፈቃድ ያላት ናቹሮፓት ከኮቪድ ይከላከላሉ ያለቻቸውን የሆሚዮፓቲ እንክብሎች ከሐሰተኛ የክትባት ካርድ ጋር በመሸጥ ተከሰሰች፤ ጥፋቷን አምና እስር ተፈረደባት።

ሁለት ሰው ሙያውን ሁሉ አይወክልም፤ በዘመናዊ ሕክምናም ወንጀለኛ ሐኪም ይገኛል። ችግሩ እንክብሎቹ የመጡበት ቦታ ነው። ሆሚዮፓቲ ብዙ ጊዜ ንጥረ ነገሩ እስኪጠፋ ድረስ እየቀጠነ የሚሰጥ ውሃና ስኳር ነው፤ በሚገባ የተሠሩ ጥናቶች ከማስመሰያ ክኒን የተለየ ጥቅም አላገኙበትም። ይሁንና ዕውቅና ባላቸው ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፣ ኤንፕሌክስም ይፈትንበታል። ይህ ማለት ፈቃዱን ለማውጣት አናቶሚ የተማረው ብርቱ ተማሪ የማይሠራውንም ነገር አጥንቶ ማለፍ አለበት። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር የሙያውን ፈቃድ ይቃወማል፤ በዚህ ነጥብ እኔ ከማኅበሩ ጋር ነኝ።

ዕፅን የሚያከብር ሰው በዚህ የበለጠ ሊቆጭ ይገባዋል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ የአባቶች ነው፣ ስለዚህ ይሠራል ብለው አልተዉትም። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በምን ያህል መጠን እንደሚገድል፣ ለሰውና ለእንስሳ ምን ያህል እንደማይጎዳ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለዓመታት ፈተኑት፤ የውጭ ተቋማት በማይቀበሏቸው ጊዜ እንኳ ማስረጃ ይዘው ተከራከሩ። ዕፅን መፈተን ማክበር ነው። የናቹሮፓቲ ትምህርት ቤቶች ፈተናቸውን በዚህ መንፈስ ቢያጠሩት፣ የሚሠራው የአመጋገብ ምክራቸውና ለታካሚ የሚሰጡት ጊዜ ከማይሠራው ይለይ ነበር።

የሚቀረው ክፍተት ሬዚደንሲ ነው። ማንኛውም የዘመናዊ ሕክምና ሐኪም ከምረቃ በኋላ በሆስፒታል ቁጥጥር ሥር ዓመታት ያሳልፋል። ናቹሮፓቶች ዘንድ ዩታ ፈቃድ ለማግኘት የአንድ ዓመት ሬዚደንሲ ትጠይቃለች፤ አብዛኞቹ ስቴቶች አይጠይቁም፤ ቦታውም ጥቂት ነው። ኦሪገን ውስጥ ተመርቆ ፈተናዎቹን ያለፈና ፈቃዱን የተቀበለ ሰው በነጋታው ብቻውን ክሊኒክ ከፍቶ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ያለ መድኃኒት እንፈውሳለን ተብሎ በ1919 የተጀመረው ውል ወደ መድኃኒት ማዘዝ ሲሻገር፣ መድኃኒት የሚያዝ ሰው የሚያስፈልገው የሆስፒታል ሥልጠና አብሮ አልተሻገረም። የሥራ ወሰን ይስፋ የሚል ረቂቅ ሕግ በየምክር ቤቱ ሲቀርብ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው።

በዚህ ላይ የትምህርት ብድር ሕግ ተለውጧል። በሐምሌ 2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እስከ ሙሉ የትምህርት ወጪያቸው ይሰጥ የነበረውን ግራድ ፕላስ የተባለ ብድር ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዳዲስ ተበዳሪዎች ዘጋ። በቦታው ለተራ ድኅረ ምረቃ በጠቅላላው 100,000 ዶላር፣ «ፕሮፌሽናል» ተብለው ለተመደቡ ዲግሪዎች 200,000 ዶላር ጣሪያ ተቀመጠ። የናቹሮፓቲ ዲግሪ በየትኛው መደብ ተቆጠረ የሚለው የእነዚህን ጥቂት ኮሌጆች ዕድሜ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ለመመዝገብ የሚያስብ ወጣት ትምህርት ቤቱን የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ፦ ባለፉት ዓመታት ከተመራቂዎቹ ስንቶቹ ኤንፕሌክስን በመጀመሪያው ሙከራ አለፉ፤ ስንቶቹ ሬዚደንሲ አገኙ፤ ከምረቃ በኋላ ቤተሰቡ በሚኖርበት ስቴት ፈቃድ አለ ወይስ የለም፤ ካለስ መድኃኒት ማዘዝን ይጨምራል ወይ፤ ኢንሹራንስስ ይከፍላል ወይ። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል።